«አንድ ታዛዥ ባሪያ ከሦስት መቶ ልጅ ይሻላል»፦ ይህ አባባል ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አሠልጣኙ ስለ ሠራተኛ ታማኝነት ሲያወራ ቆየና የአንበሳ ፎቶ ያለበት ስላይድ ከፈተ። ከሥሩ «አንድ ታዛዥ ባሪያ ከሦስት መቶ ልጅ ይሻላል፤ ልጅ የአባቱን ሞት፣ ባሪያ የጌታውን ክብር ይመኛል» የሚል ተጽፏል። «የፋርስ ጥበብ ነው» አለና፣ ታማኝ ሠራተኛ ከዘመድ እንደሚበልጥ አስረዳን። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ አልለቀቀኝም።

አባባሉ እውነትም የፋርስ ነው። ፋርስን ይገዙ የነበሩት የሰልጁቅ ሱልጣኖች ቪዚር (ዋና ሚኒስትር) የነበረው ኒዛም አል-ሙልክ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው «ሲያሳትናማ» በተባለ የአገር አስተዳደር መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እሱም የገጣሚ ቃል ብሎ ነው የጠቀሰው። የሚያወራው ስለ ወታደር ነው፤ ያውም በገንዘብ ስለተገዛ ወታደር።

የዚያ ዘመን ገዢ የአገሩን ሰው እንደ ልቡ አያምንም። የአገሩ ሰው አጎት አለው፣ ጎሣ አለው፣ ቂም አለው። ስለዚህ የባግዳዱ ኸሊፋ አል-ሙእተሲም (833–842) ቱርክ ልጆችን (ቱርክ ሲባል ያኔ የመካከለኛው እስያ ፈረሰኛ ሕዝብ ነው) በገፍ እየገዛ ጦር አደረጋቸው። በከተማዋ ጎዳና ፈረስ እያስጋለቡ ሰው ስለረገጡ ከነዋሪው ጋር ተጣሉ፤ በ836 ጠቅልሎ ወደ አዲስ ከተማ፣ ወደ ሳማራ፣ ይዟቸው ሄደ። የእስልምና ሕግ ነጻ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግ ስለሚከለክል ልጆቹ የሚመጡት ከድንበር ማዶ፣ ከመካከለኛው እስያ የሣር ምድር ነው። አንዱ በጎሣ ግጭት ይማረካል፤ ሌላውን የተቸገረ ቤተሰቡ ይሸጠዋል። ኋላ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ያለችውን ጋዝናን የገዛው ሳቡክቲጊን ራሱ በልጅነቱ በጎረቤት ጎሣ ተማርኮ የተሸጠ ነው።

እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ልጆች እንደነበሩ ካልታወቀ አባባሉ አይገባም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ጃሂዝ፣ የቱርክን ዕድሜ ብትቆጥሩት ከመሬት ይልቅ በፈረስ ጀርባ ያሳለፈው ይበልጣል ብሎ ጽፏል። ዓይኑ አራት ነው ይላል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከማጅራቱ። ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ ፍላጻ ይለቃል።

እንግዲህ ይህን ልጅ ገዝተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን ይመስላችኋል? ከፈረስ ያወርዱታል።

ኒዛም አል-ሙልክ ከሰልጁቆች በፊት መካከለኛው እስያንና ምሥራቅ ፋርስን የገዙትን የሳማኒዶችን ሥርዓት ሲተርክ፣ አዲስ የተገዛው ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ በእግሩ ከጋላቢው እርካብ ሥር ይሄዳል ይላል። በግልጽም ሆነ በድብቅ ፈረስ ላይ ከወጣ ይቀጣል። በሁለተኛው ዓመት ትንሽ የቱርክ ፈረስ ይሰጡታል፤ ኮርቻው ባልለፋ ቆዳ የተለበጠ፣ ልጓሙ ተራ ጠፍር። በሦስተኛው ቀበቶ። በአራተኛው የፍላጻ ኮረጆ። በአምስተኛው የተሻለ ኮርቻና ኮከብ ያለበት ልጓም። በስምንተኛው ዓመት 16 ካስማ ያለው ድንኳን ይተከልለታል፤ በብር ክር ያጌጠ ጥቁር ቆብ ይደፋል፤ 3 አዲስ የተገዙ ልጆችም በሥሩ ይመደባሉ። (በወረቀት ላይ በጣም ያማረ መሰላል ነው። ሳቡክቲጊን ግን ገና ከመገዛቱ ዘሎት እንደወጣ ያው መጽሐፍ ይናገራል።)

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ ይሉኛል። ገበያ ሲወርዱ ከበቅሏቸው ጎን እርካብ ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። መቀመጥ የለም። ውሃ ላጠጣት ስወስዳት ግን ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ቆሜ ዘልዬ እወጣባት ነበር፤ ሲደረስብኝም አለንጋ ቀምሻለሁ። በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ያስቀመጡኝ ቀን ከእሳቸው በላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ግን እኔ ማታ እናቴ ቤት እገባለሁ። የዚያ ልጅ እናት ያለችው ከበረሃና ከወንዝ ማዶ ነው። ፈረሱ ድሮም የእሱ ነበር፤ ቀሙትና እንደ ስጦታ መልሰው ሰጡት። አባባሉ የሚያወድሰው ታዛዥነት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

«ልጅ የአባቱን ሞት ይመኛል» የሚለው ቁጭትስ? እኔ የምጠረጥረው ሳማራን ነው። በታኅሣሥ 861 ኸሊፋ አል-ሙተወኪል በቱርክ ዘበኞቹ እጅ ተገደለ፤ ዙፋኑን የወረሰው ልጁ አል-ሙንተሲር ነው፤ በሴራው እጁ እንዳለበትም ተወራ። ያ ወሬ በየቤተ መንግሥቱ ሲዞር ሲዞር የልጁ ጥፋት ምሳሌ ሆኖ ቀረ፣ የዘበኞቹ ጎራዴ ግን ተረሳ ባይ ነኝ። ግምት ነው፤ ግን ከጭንቅላቴ አይወጣም። አባባሉን የደገሙት ጌቶች ስለነበሩ የትኛውን ግማሽ መርሳት እንደሚመቻቸው ያውቃሉ።

ታማኝነቱ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ኒዛም አል-ሙልክ በ1092 ሲገደል የራሱ ባሪያ ወታደሮች አልተበተኑም፤ በደሙ የጠረጠሩትን ታጅ አል-ሙልክን በዓመቱ ገደሉት። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ላሳደገው ሰው ብቻ ነው፤ ለወራሽ አይተላለፍም። የግብፁ ሱልጣን አል-ሷሊህ አዩብ ኪፕቻክ የተባሉ የሣር ምድር ቱርኮችን ገዝቶ ባህሪያ የተባለውን ጦር አቋቋመ። በ1249 ሲሞት ልጁ ቱራንሻህ መጣና የራሱን ሰዎች መሾም ጀመረ። ሰክሮ የሻማ ጫፍ በጎራዴ እየቀነጠሰ «ባህሪያንም እንዲህ ነው የማደርጋቸው» ይል ነበር ይባላል። በግንቦት 1250 ገደሉት። ከገዳዮቹ አንዱ ባይባርስ ኋላ ሱልጣን ሆነ።

የእኛም አገር ልጆች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ወደ ሕንዷ ቤንጋል በባርነት የሄዱ ሐበሾች ከ1487 እስከ 1493 ዙፋኑን ይዘው ነበር። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ የተሸጠው ማሊክ አምባርም እዚያው ሕንድ ውስጥ በ1626 እስኪሞት የአህመድናጋር ሱልጣኔት እውነተኛ ገዢ ሆኖ የሰሜን ሕንድን ነገሥታት፣ ሙጋሎችን፣ ሲያስጨንቅ ኖሯል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ቃል ደመወዝተኛ ፊት አታንሱት። ቃሉ በእኛ አገር የማን ቁስል እንደሚነካ ይታወቃል፤ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሠራተኛ ደግሞ እናት አለው፣ ሰፈር አለው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ይርበዋል፣ የተሻለ ደመወዝ ካገኘ ይለቃል። ጥቅሱን የግድ የሚል አሠልጣኝ ካለም የቱራንሻህን ሻማ አብሮ ያውራ፤ አለቆቹ ያን ጊዜም ካጨበጨቡ እናያለን።