ስታዲየሙ ዙሪያ ትልቅ ፓርኪንግ ይሰራ ለምትሉ የሃዋሳ ልጆች

ሰሞኑን ከሰፈር ልጆች ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብለን፣ የከተማው ስታዲየም ዙሪያ እንደ አዲስ ቢለማ ምን ይሁን የሚለው ተነሳና ክርክሩ ደራ፣ ግን የተባለው ነገር አብዛኛው ልክ አልመሰለኝምና አንድ በአንድ ልጻፈው።

"መጀመሪያ ሰፊ ፓርኪንግ" የሚለውን ሁሉም ይላል። እስቲ ሂሳቡን እንስራው፣ አንድ መኪና መተላለፊያውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ካሬ ይፈልጋል፣ 500 መኪና ስትሉ ቢያንስ 12,500 ካሬ፣ ሜዳው ራሱ ደግሞ 105 በ68 ቢሆን 7,140 ካሬ ነው፣ ስለዚህ መሀል ከተማ ላይ ወደ ሁለት ሜዳ የሚጠጋ መሬት አስፋልት አለበሳችሁ ማለት ነው። ለምን ያህል ጊዜ? 16 ክለብ ባለበት ሊግ አንድ ቡድን በሜዳው የሚጫወተው 15 ጊዜ ነው፣ ለአንዱ 4 ሰዓት ብንሰጠው በዓመት 60 ሰዓት። ሎስ አንጀለስ ያለው ዶጀር ስታዲየም 16,000 ገደማ መኪና የሚያቆም ሜዳ ከቦታል፣ የስዊዘርላንዷ ባዝል ግን በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ስታዲየሟ ላይ የገበያ ማዕከልና የአረጋውያን መኖሪያ አብራ ሰራች። እኔ የባዝሉን ነው የምመርጠው።

"ሰዉ በመኪና ነው የሚመጣው" ለሚል፣ ጨዋታ ሲያልቅ በሩ ጋ ቆሞ ይይ። ሰዉ በእግሩ ይወጣል፣ ሳይክሉን ከአጥሩ የሚፈታ አለ፣ ባጃጆቹ ደግሞ "ፒያሳ ፒያሳ፣ አቶቴ አንድ ሰው" እያሉ በሩን ይዘጉታል፣ መንገዱን የሚያንቀው ይሄ ነው እንጂ ፓርኪንግ ማጣት አይደለም። ባጃጆቹን በየአቅጣጫቸው ለይቶ አንድ መቶ ሜትር ራቅ ማስቆም ከፎቅ ፓርኪንግ በጣም ይረክሳል፣ ሳይክል ማሰሪያ ብረትማ ስንት ይፈጃል?

"ሱቅ ከደረደርን ቅይጥ ልማት ሆነ" የሚሉም አሉ፣ ቅይጥ ማለት ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ አንድ ላይ ሲሆን ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ስር ድሮም ሱቆች ነበሩ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሱቅ ብቻ ከሆነ ማታ ሲዘጋ ሰፈሩ ይጨልማል፣ ከላይ ቢሮና የሚኖር ሰው ሲኖር ነው ህይወት ያለው። ፓርኪንጉም ያኔ ይጋራል፣ በስራ ቀን የቢሮ መኪና የቆመበት ቦታ ቅዳሜና እሁድ ለደጋፊው ይሆናል። በስራ ቀን 9 ሰዓት ጨዋታ ካለ ግን ይጋጫል፣ እሱን የጨዋታ ፕሮግራም ከሚያወጡት ጋር ቀድሞ መነጋገር የግድ ነው።

"ቤዝመንት እንቆፍራለን" ለምትሉት፣ ሀይቅ ዳር ያለ ከተማ ነው፣ ውሃው ቅርብ የሆነበት ቦታ ላይ ወጪው ሌላ ነው።

የሚያናድደኝ የመጨረሻው ነው፣ "ለማልማት መጀመሪያ ትንንሾቹ ነጋዴዎች ይነሱ"። ለውዝ የሚሸጡት ልጆችና ጀበና ቡና የሚያፈሉት እኮ ጨዋታ በሌለበት ቀንም ቦታውን የያዙት እነሱ ናቸው። በሩ አጠገብ የምታፈላዋን እህታችንን ሱቅ ቢሰጥሽ አልኳት፣ ኪራዩን አልችለውም አለችኝ፣ ጥላና የውሃ ቧንቧ ቢቀርብልኝ በቂዬ ነው።