የጥጃ ድጎማ መኖ በጎንደር

ድጎማ መኖ የሚባለው ጥጃ ከእናቱ ወተትና ከሣር በተጨማሪ የሚቀርብለት እህል፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ ጨውና ማዕድን ነው። በጎንደር ከተማ ዳር፣ በአዘዞና በማክሰኝት ዙሪያ ዲቃላ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች አብዛኛውን ግብዓት ከቅርብ ያገኛሉ። ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ፣ የኑግ ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያ፣ የሰሊጥና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎው ከመተማ በኩል፣ የብቅል ተረፈ ምርቱ ደግሞ ከዳሽን ቢራ ፋብሪካ ይመጣል። በደምቢያና በወገራ ገጠር ያለው የአገሬው ላም ጥጃ ግን ከጤፍና ከገብስ ጭድ፣ ከአጨዳ በኋላም ከቃርሚያ ግጦሽ ያለፈ እምብዛም አያገኝም። አዲስ ቤት የገባ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር እምቦሳው ራሱ የተረፈችውን ወተት ጠብቶ ማደሩ የሚገርም ነው።

ጥጃ ሲቀጭጭ ወይም ሲሞት መጀመሪያ የሚወቀሰው የመኖ ዋጋ ነው። ዋጋው መወደዱ አይካድም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው መኖው በሰዓቱ ባለመቅረቡ ነው፤ ያለፈችው ሰዓት ደግሞ በኋላ በእጥፍ ፋጉሎ አትካስም።

እንገር

ላም በሽታ የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላትን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ አታሳልፍም። ጥጃው እነዚህን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ እንዳሉ ወደ ደም የሚያስገባቸውም ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በኋላ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። የሚሰጠው እንገር መጠን የጥጃው ክብደት አንድ አሥረኛ ነው፤ 30 ኪሎ ሆኖ ለተወለደ ዲቃላ 3 ሊትር፣ 20 ኪሎ ለሆነ የአገሬ ጥጃ 2 ሊትር። ግማሹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት፣ ቀሪውን 12 ሰዓት ሳይሞላው ማግኘት አለበት።

የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ብለው ጥጃውን ከጡት የሚያቆዩ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥጃው ሲጠባ በላሟ ውስጥ የሚለቀቀው ሆርሞን ማህፀኗን ስለሚያኮማትር የእንግዴ ልጁ እንዲወርድ ያግዛል። ተፍልቶ ለጎረቤት የሚዳረሰው እንገር ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈው ይሁን። ትርፉን በፍሪዘር አስቀምጦ እናቱ ለሞተችበት ጥጃ ማዋልም ይቻላል፤ ሲቀልጥ ግን በለብታ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነው እንጂ ከተፈላ የሚፈለገው ነገር ይሞታል።

ቆሞ መጥባት ያቃተው ጥጃ ታልቦለት ጡጦ በተገጠመለት ሃይላንድ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ መጋት ነው። ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባና በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ያሳለው፣ ያተኩሰዋል። ጭንቅላቱ ከጀርባው ትንሽ ከፍ ቢል ይበቃል፤ ፍጥነቱንም ጥጃው ራሱ ይወስን።

እህል የሚጀመርበት ጊዜ

ወተት ወደ ትልቁ ጨጓራ አይገባም። ጥጃው ሲጠባ ከጉሮሮው በታች ያለው ቦይ ተዘግቶ ወተቱን በቀጥታ ወደ አራተኛው የጨጓራ ክፍል ያወርደዋል። ስለዚህ ወተት ብቻ የጠጣ ጥጃ በሦስት ወሩም ትልቁ ጨጓራው ያልጎለበተ ነው። ጨጓራውን የሚያጎለብተው እህል ነው፤ እህሉ በውስጡ ሲብላላ የሚፈጠረው ቡቲሪክ አሲድ የጨጓራውን ግድግዳ ጸጉር መሰል ቅጥያዎች ያሳድጋል። ጭድ ይህን አያደርግም። ገና በለጋነቱ ጭድ የተሞላ ጥጃ ሆዱ ተዘርጥጦ ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ሆዱን አይቶ «ጠግቧል» ይላል እንጂ እንስሳው በረሃብ ላይ ነው።

እህል በሁለተኛው ሳምንት ይጀመራል። ጥጃ ወተቱን ጨርሶ አፉ ገና የሚጠባ ነገር ሲፈልግ በጣት ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ማስገባት፣ አፍንጫው ላይም መቀባት ነው። በሦስት በአራት ቀን ገንዳውን ራሱ ይፈልጋል። በመጀመሪያ በቀን አንድ እፍኝ ይበቃል፤ በአራተኛው ሳምንት 250 ግራም፣ በስምንተኛው ከ500 እስከ 700 ግራም ይደርሳል። ምራቅ የነካው የትናንት ትራፊ ይኮመጥጣልና ለላሟ ተሰጥቶ ገንዳው ይታጠብ። ንጹሕ ውሃም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አይለየው። «ወተት ይጠጣ የለ» የሚለው ክርክር አያስኬድም፤ እህሉን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ውሃ ይፈልጋሉ፣ ወተቱ ደግሞ በእነሱ በኩል አያልፍም።

50 ኪሎ የጀማሪ ጥጃ መኖ በቤት ለማዘጋጀት 20 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 17 ኪሎ ተኩል የኑግ ፋጉሎ፣ 11 ኪሎ ተኩል ፉርሽካ፣ ግማሽ ኪሎ ጨውና ግማሽ ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቀላል። ይህ 18 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። በቆሎው ይከካ እንጂ አይላም፤ የላመ ዱቄት አፍንጫው ላይ ይጋገራል፣ ያስነጥሰዋልም። የኖራ ድንጋዩ የሚገባው ፉርሽካ ፎስፈረስ በዝቶበት ካልሲየም ስለሚያንሰው ነው። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አፍና አንጀት ያቃጥላል። ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ ፉርሽካ ጋር ለብቻው ታሽቶ ነው ወደ ሙሉው የሚገባው፤ አለዚያ አንዱ ጥጃ ጨው ሲልስ ሌላው ያለ ጨው ይቀራል። አሞሌ ሰቅሎ ማስላስ ለትልልቆቹ እንጂ ለእምቦሳ አይተካውም።

ዲቃላ ጥጃ ከወተት የሚለየው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ቢያንስ 700 ግራም እህል ሲበላ ነው። የአገሬው ላም ያለ ጥጃዋ ወተት አትለቅም፣ ስለዚህ ጥጃው እስክትነጥፍ አብሯት ይቆያል፤ ለእሱ ጥያቄው ስንት ጡት ይተውለታል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የጾም ነገር ይመጣል። በሁዳዴ 55 ቀናት ወተት ገዢ ስለሚያጣ ጥጃው እንደ ልቡ ይጠባል፣ ጸጉሩም ያብረቀርቃል። ፋሲካ ሲያልፍ ወተቱ በአንድ ሌሊት ወደ ገበያ ይዞራል። እህል ያልለመደ ጥጃ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ይከሳል፤ ባለቤቱም «ዓይን በላው» ይላል። በጾሙ አጋማሽ እህል ያስለመደ ሰው ይህ አይደርስበትም።

የማይሰጡ ነገሮች

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለው። ትልቅ ከብት በጨጓራው ያከሽፈዋል፤ ጥጃ ግን አራት ወር ሳይሞላው ከተሰጠው ልቡ ተጎድቶ በድንገት ሊሞት ይችላል። ዩሪያ ያለበት ማንኛውም መኖ ከስድስት ወር በታች ክልክል ነው። የጠላና የአረቄ አተላ ለሚታለብ ላም ደህና ነው፣ ለእምቦሳ ግን ይኮመጥጣል፣ አልኮሉም አለ። የቢራ ፋብሪካው የብቅል ተረፈ ምርት ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ለማግኘት አራት ወይም አምስት ኪሎ መሸከም ይጠይቃል። በሙቀት ወቅት በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፤ ከሦስት ወር በላይ ለሆነ ጥጃ ትኩሱን መስጠት ነው።

የኑግ ፋጉሎ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሆኖ ይመጣል። ከመግዛት በፊት አንዱን ሰብሮ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ሻጋታ ካለበት አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ መርዙ ፀሐይ ላይ በማስጣት አይጠፋም፣ ላሟ ከበላችውም ወደ ወተቷ ያልፋል። ጆንያው ከመሬት በሳንቃ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይቀመጥ፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ።

ለሌላ እንስሳ የተዘጋጀ መኖ ማዋስም ጉዳት ያስከትላል። አንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ያለው ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ፈረስና አህያ ይገድላል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ለምለም ነገር ሲጠፋ ጭድ ብቻ የበላች ላም እንገሯ ቫይታሚን ኤ ያንሰዋል። ጥጃው ይቀዝናል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ሲመሽ ከግድግዳ ይጋጫል፤ ዳፍንት ማለት ነው። ለእርጉዟ ላም በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ ሰስባንያና ትሪ ሉሰርን ከሚባሉት የመኖ ዛፎች የአንዱን ቅጠል መስጠት ከቫይታሚን መርፌው ይረክሳል።

ሲቀዝን ወተት መከልከል የተለመደ ነው፤ ግን ጥጃውን የሚገድለው ውሃና ጨው ማጣቱ ነው። ወተቱ ይቀጥል፤ በመሀል ለአንድ ሊትር የተፈላና ለብ ያለ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እየተበጠበጠ ሁለት ሁለት ሊትር ይሰጠው። ደም ከቀላቀለ ግን ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በጣና ዳር፣ በደምቢያና በፎገራ ረግረግ ላይ የሚሰማራ ጥጃ ድጎማውን እየበላም ከከሳ፣ መንጋጋው ሥርም ውሃ ከቋጠረ የጉበት ትል መጠርጠር ተገቢ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደጉትን ትሎች ብቻ ነው፤ ጉበት ውስጥ ገና በማደግ ላይ ላሉት ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋል። ሁለቱም በክብደት ስለሚሰጡ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት መሄድ በዓይን ከመገመት ይሻላል።