2,147,483,647 ምንድን ነው?

ባቲ ሰኞ ገበያ የሚውል አንድ ነጋዴ ዛሬ 1 ብር ቆጠበ እንበል። በሚቀጥለው ሰኞ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፤ እንዲህ በየሳምንቱ እያጠፈ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስላል። በ11ኛው ሰኞ 1,024 ብር ይጠበቅበታል፣ በ31ኛው ግን ከ1 ቢሊዮን በላይ! የ31ዱ ሰኞ ድምር ልክ 2,147,483,647 ብር ይመጣል። 31 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መቀነስ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ተማሪ ቤት ፕራይም ወይም ብቸኛ ቁጥር የምንለው ዓይነት ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1772 ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ ያውም ዓይኑ ከሞላ ጎደል ከጠፋ በኋላ። እስከ 46,340 ያሉትን አካፋዮች መፈተሽ ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖር ከዚያ የሚያንስ ጓደኛ ይኖረው ነበርና። ኦይለር ግን ሁሉንም አልሞከረም። አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይም 63 መትረፍ እንዳለበት አወቀ። በዚህ ወንፊት ከ1,000 በታች ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች የሚያልፈው 311 ብቻ ነው። እሱንም ሞክሩት፤ 35 ይተርፋል። የቀሩትም እንዲሁ አልተሳኩም።

ቁጥሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1867 ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ሆኖ ቆየ። ከእሱ 2,305,843,008,139,952,128 የተባለው ፍጹም ቁጥር ይወጣል፤ ከራሱ ሌላ ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱኑ ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለጉድ እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ ከዚህ የሚበልጥ የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ነበር። ምን ያርገው፣ ኮምፒውተር አላየ!

ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር (አንድን ቁጥር በ32 የ0 እና የ1 ቦታዎች የሚጽፍ) ከዜሮ በታች ያሉትንም ጨምሮ ሲቆጥር ጣሪያው ይኸው ቁጥር ነው። ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ጊዜን የሚለኩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌሊት 9 ሰዓት ጀምሮ ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው ጣሪያውን የሚነካው መቼ መሰላችሁ? ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። የጥምቀት ዕለት! ላሊበላ ላይ ሕዝቡ ጥምቀተ ባሕሩን ከብቦ በቆመበት ማለዳ፣ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ካለ በቀጣዩ ሰከንድ ቁጥሩ ይገለበጥና ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ሊል ይችላል። ያኔ ወሎን የሚገዙት ሚካኤል ገና ራስ እንጂ ንጉሥ አልነበሩም።

የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር አብዛኛው ባለ 64 ቢት ስለሆነ አያሰጋም። የእሱ ጣሪያ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በሰከንድ ቢቆጠር ወደ 292 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል። ብቸኛ ግን አይደለም፣ ለ7 ይካፈላል።