አሮጌ መኪና በግቢ ማደስ በጎጃም

በጎጃም አሮጌ መኪናን ጋራዥ ሳያስገቡ፣ በቤት ግቢ፣ በራስ እጅና በጥቂት ገንዘብ ማደስ የቆየ ልማድ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በቡሬ፣ በዳንግላ ወይም በሞጣ ከአጥር ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስ፣ ጎማዋ ወልቆ ግንድ ላይ የተቀመጠች ላንድሮቨር ማየት ለአገሬው ብርቅ አይደለም። ሥራውን የሚይዙት መኪናዋን ከአባታቸው የወረሱ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጧት ሰዎች ናቸው፤ ጡረተኛ ሹፌሮች፣ መምህራንና የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ይበዙባቸዋል። በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና ለትርኢት ይታደስ ይሆናል፤ እዚህ የሚታደሰው ለመንገድ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዳ ሳትፈላ ያልወጣች መኪና ቀለሟ ቢያብረቀርቅም ገና ጥገና ላይ እንዳለች ትቆጠራለች።

አመጣጥ

ጎጃምን ዓባይ በሦስት ወገን ስለከበበው የመኪናው ታሪክ የመንገድና የድልድይ ታሪክ ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ መኪናን በአገሩ አይተውታል። በብዛት ወደ ጎጃም የገባው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በጎሐ ጽዮንና በደጀን አድርጎ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው መንገድ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህን መንገድ ጣሊያን ሠራው ይባላል፤ ድንጋዩን ከተሸከሙት መካከል የአገሬው ሰው እንደነበረበት ግን መዘንጋት የለበትም። በዚያ መንገድ ከሄዱት ከባድ መኪኖች ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ሹፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ፊያት 682፣ «ኤንትሬ»፣ ለረጅም ዘመን የጎጃምን እህል ተሸክሞ ዓባይን ተሻግሯል።

ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን ኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ ድረስ፣ ከሱዳን የተነሱት የጭነት መኪኖች መንገድ በሌለበት በረሃ እየተገፉ ተጉዘዋል፤ ጓዙን በአብዛኛው የተሸከመው ግመል ነው። ጣሊያን ሲወጣ ትቶት የሄደው ብረት በአካባቢው ሰው እጅ ገብቶ ለመጀመሪያዎቹ ጠጋኞች መማሪያ ሆነ ይባላል። በዓባይ ላይ በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን ያው ነው።

ፖሊ

ሙያው መልክ የያዘው በአብዛኛው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መንግሥታት የቴክኒክ ትብብር ተቋቋመ፤ የእርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይሰጥበት ነበር። የእርሻ መካኒኩ ክፍል የትራክተር ሞተርን በትኖ መግጠም ያስተምራል፤ የትራክተርን ሞተር የገጠመ ልጅ የቮልስ ሞተር አያስፈራውም። የብረታ ብረቱ ክፍል ደግሞ ብረትን ሞርሳ ላይ አስሮ በሞረድ ልክ ማስገባትን፣ በካሊፐር መለካትን፣ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ማስወጣትን አስለመደ። ይህ ትምህርት ተማሪዎቹን ተከትሎ ወደየቤታቸው ገባ፤ ክረምት ለዕረፍት የሚመለስ የፖሊ ተማሪ የጎረቤቱን ሞተር ሳይፈታ አይመለስም ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወገን «መካኒክ የነበረው እኛ ዘንድ ነው፣ አውቶቡስና ጭነት መኪና የሚያድረው እዚህ ነበር» የሚሉ አሉ። አባባሉ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል፤ በልምድ የሠለጠነና ለክቶ የሚሠራ ሰው ግን አንድ አይደሉም። ፖሊ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ሰው ዛሬም ግቢውን «ፖሊ» ነው የሚለው።

በደርግ ዘመን የሶቪየቶቹ መኪኖች ላዳና ዋዝ ተጨመሩ።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ የዋጋ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። ትናንት ለቁራሌው ሊሰጥ የነበረ ብረት በአንድ ጊዜ ሀብት ሆነ፤ ያለውን መጠገን ከመግዛት የሚያዋጣ መሆኑን ሁሉም አወቀው።

የሚታደሱት መኪኖች

አንደኛዋ ቮልስ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው፤ ራዲያተርም የውሃ ቱቦም ስለሌላት በዓባይ ዳገት የምታፈላው ውሃ የላትም። ይህ ማለት አትግልም ማለት አይደለም። ሞተሩን የሚሸፍኑት ላሜራዎች አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩ ናቸውና ጠጋኙ «ትርፍ ነው» ብሎ ከጣላቸው ሞተሩ ይቃጠላል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚሻማው፣ ቫልቩን ቶሎ ይበላል። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ሲሆን ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ጎረምሳና አንድ ክሪክ ያወርዱታል። ከበጀት አንጻር ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አያስፈልግም። ፋብሪካው የመጨረሻዋን በሜክሲኮ ያመረተው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ስለሆነ መለዋወጫዋ ከዕድሜዋ አንጻር ብዙ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ወደ 12 የሚቀይር ሰው አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ዲናሞውንም ማሰብ አለበት።

ፊያት 600 በጣሊያን ከእ.ኤ.አ. 1955 እስከ 1969 ተመረተች፤ በመጀመሪያ 633፣ ኋላ 767 ሲሲ ሞተር ነበራት። ሞተሯም ራዲያተሯም ከኋላ ስለሆኑ ዳገት ላይ ትሞቃለች፤ ራዲያተሩን ሳያስጠርግ የዓባይን መንገድ የሚያስብ ሰው መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ መቆሙ አይቀርም። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። በዚህ ምክንያት የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል የሚለው ወሬ በግማሹ ብቻ ትክክል ነው፤ ሩሲያውያን ሞተሩን ስለቀየሩት የሞተር ዕቃ አይገጥምም፣ የኋላ ፍሬኑም በዲስክ ፋንታ ከበሮ ነው። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲውና ከመሪው ፊት ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው፣ የሚበላውም እሱ ነው። ፔጆ 404 እና 504 አልፎ አልፎ ይገኛሉ።

አሠራሩ

ልምድ ያለው ሰው ከፍሬን ይጀምራል፣ ቀጥሎ ዝገቱን፣ ሞተሩን፣ ኤሌክትሪኩን ያያል፤ ቀለም የመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን በቀለም ይጨርስና መኪናዋ አምራ ትቆማለች።

ፍሬን ላይ የሚያልቁት የፖምፓዎቹ (የፍሬን ዘይት መግፊያዎቹ) ጎማዎችና የጎማ ቱቦዎቹ ናቸው። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን አሳልፎ መመለስ ይከለክለዋል፤ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም የመኪናዋ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል። የፍሬን ዕቃ በቤንዚን፣ በናፍታ ወይም በሞተር ዘይት መታጠብ የለበትም፣ ጎማውን ያሳብጠዋል። የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በንጹሕ አልኮል ነው። (አረቄ አይሆንም፤ ውሃው ብዙ ነው።)

ዝገት የዚህ አገር ዋና ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ መኪናዋን ካገኛት ወለሏን ይጨርሳል። ላስቲክ በቀጥታ ማልበስ ደግሞ እርጥበቱን ስለሚያፍን ያብሳል፤ የእንጅባራ ቀርከሃ ገዝቶ ዳስ መጣልና ሸራውን ከላይ መወጠር ይሻላል፣ አየር ከሥሩ ያልፋል።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ወንበሩን አንስቶ ወለሉን በካቻቪቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ጤነኛው ይጮኻል፤ የታመመው ድምፁ ይታፈናል፣ ጫፉን ሲጫኑትም ካቻቪቴው ዘልቆ መሬቱ ይታያል። ያኔ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ መቁረጥ ነው። ልኩ በካርቶን ይወጣል፤ መጣፊያው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው የዘይት በርሜል ይቆረጣል። የነዳጅ በርሜል ከሆነ ታጥቦ፣ ውሃ ሞልቶበት ካልሆነ በስተቀር እሳት አይነካውም፤ ባዶ በርሜል በውስጡ በቀረው ጋዝ ይፈነዳል። ቅርጹ አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ በመዶሻ ይወጣለታል። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለውን ስስ ላሜራ ይበሳዋል፤ ቀጭን ኤሌክትሮድ ይዞ፣ አንድ ነጥብ በይዶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ መበየድ ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ለባለ ኦክስጅን ይስጠው። ከብየዳው በፊት ባትሪውም የቤንዚን ታንከሩም ይውጣ።

ለትናንሽ ዕቃዎች ርካሹ ዘዴ ውሃ በሞላ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ የልብስ ሶዳ በጥብጦ የባትሪ ቻርጀር ማገናኘት ነው። የዛገው ዕቃ ከኔጌቲቩ፣ የማይፈለግ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ይታሰራል፤ በማግስቱ ዝገቱ በብሩሽ ይለቃል። ለፖዘቲቩ ማይዝግ ብረት መጠቀም ግን ውሃውን መርዛማ ያደርገዋል። ሥራው ደጅ መሆን አለበት፣ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና።

ለዓመታት ቆሞ የነከሰ፣ አልዞር ያለ ሞተር በሞተሪኖ (በማስነሻው) አይሞከርም። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየቀዳዳው ናፍታና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ ይጨመራል፤ ለቀናት ይተዋል፣ ከዚያ በቁልፍ ወዲህና ወዲያ በቀስታ ይነቀነቃል። ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና ሲሆን ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ከላይ ታስሮ ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ይሰቀልበታል። በቮልስ የፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቫልቩ በአብዛኞቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ይለካል፤ አመሻሽ ላይ ከመንገድ እንደገባች መለካት ትርጉም የለውም።

እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከቀረ ወዲህ ለስላሳ የቫልቭ መቀመጫ ያላቸው የቀድሞ ሞተሮች መቀመጫቸው ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) በተፈታ ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ በቶርኖ ቤት ማስገባት ሁለተኛ ከመፍታት ያድናል።

ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባው መሙያ) ስስ ሆኖ ከተቀባና በሸካራ ወረቀት በደንብ ከተሞረደ ቀለሙ ይይዛል፤ ቀዳዳ የሚደፈንበት ከሆነ ግን በሚቀጥለው ክረምት ይረግፋል። ቀለም የሚረጨው በበጋ ጠዋት፣ ነፋሱ አቧራ ሳያስነሳ ነው።

ከፍታ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ በፋብሪካው ልክ ከተተወ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይጠቁራል። መፍትሔው ዋናውን ጅግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) በአነስተኛ መቀየር ነው፤ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመርፌ የሚበሳ ጠጋኝ አይጠፋም፣ ልክነቱ ግን አይታመንም። ውሃም እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ መኪናዋ ሳትታመም ታፈላለች። ብዙ ሰው ሞተር የሚያስፈታው በዚህች ክዳን ምክንያት ነው።

መለዋወጫ

ያረጀ ዕቃ የሚፈለገው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው፤ ቁርጥራጭ ብረትና ቡሎን ምናለሽ ተራ ይገኛል። የድሮውን ዕቃ ይዞ መሄድ ግድ ነው፣ በስም ብቻ የገዛ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ስለተዘጋ የግቢ ጠጋኞች ከመግዛት ወደ ማሠራት አዘንብለዋል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ቡሽ፣ ፒንና አክስል ያወጣሉ፤ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማጥበቂያ) ከወረቀት በእጅ ይቆረጣል፣ የቴስታታው ግን መገዛት አለበት።

ስለ ሞተር ቅያሪ

በላንድሮቨር ላይ የቶዮታ ናፍታ ሞተር መጫን ማደስ ይባላል ወይስ ማበላሸት የሚለው አልተቋጨም። ደጋፊዎቹ ዕቃው በየከተማው ይገኛል፣ ዳገትም ይወጣል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ክብደቱ የፊቱን ባሌስትራ እንደሚሰብር፣ ጉልበቱም የድሮውን ካምቢዮ እንደሚፈጀው ያነሳሉ። ሁለቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የቮልስን ሞተር አውጥቶ ሌላ መትከል ግን ምንም ምክንያት የለውም።

ሊብሬና ቦሎ

የታደሰች መኪና ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ ካልለጠፈች መንገድ አትወጣም። ሞተሩ ከተቀየረ የግዢው ሰነድ ተይዞ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። የሻንሲው ቁጥር የተመታበት ቦታ ደግሞ በብየዳም በስቱኮም መነካት የለበትም፤ በቮልስ ይህ ቁጥር ያለው ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ባለው ጉብታ ላይ፣ ከባትሪው ማስቀመጫ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ዝገቱን ለመቁረጥ መፍጫ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ ቁጥሩን ፈልጎ በግራሶና በቆርቆሮ ይሸፍነው።