በደጋው ሰሜን ሸዋ የሣር ማጨጃ ትራክተርን ስለ ማዘጋጀትና ስለ ማስነሣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ትራክተር፣ ብዙ ሰው በማጭድ ቀኑን ሙሉ የሚደክምበትን ግቢ በጥቂት ሰዓት የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ሥራውን ከቀደመው ባልደረባ እያየ የተማረ ሠራተኛ ግን ከጥሩው ልምድ ጋር ስሕተቱንም አብሮ ይወርሳል። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች በቤንዚን የሚሠሩትን ማጨጃዎች የሚመለከቱ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይበልጥ ይጎዳሉ።

«ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ቾኩ እንደተዘጋ ይቆይ።»

ቾክ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን አየር በማጥበብ የቤንዚኑን ድርሻ የሚያበዛ ክፍል ነው። ቤንዚን በብርድ በቀላሉ ስለማይተን፣ ያደረ ሞተር ሲነሣ ቾክ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡራቶርም ቾኩ ሳይዘጋ እንኳ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። በዚህ ላይ ቾኩ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲቆይ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚንም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተርን በዝምታ የሚጨርሰው ይህ የመጨረሻው ጉዳት ነው፤ በዕለቱ ስለማይታይ ማንም ከቾክ ጋር አያያይዘውም።

ትክክለኛው አካሄድ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ የእግር ፍሬኑን መርገጥ፣ ስለቱ አለመያያዙንና ማርሹ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ቾኩን ዘግቶ ቁልፉን ማዞር ነው። በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ ማዞር ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞቶሪኖ ስለሚያግለው፣ ካልተነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መድገም ይሻላል። ሞተሩ እንደተነሣ ድምፁ እየተስተካከለ ሲሄድ ቾኩን ቀስ በቀስ መክፈት፣ ስለቱን ከማያያዝ በፊትም ጥቂት ደቂቃ እንዲሟሟቅ መተው ይገባል። ደጋግመው ሞክረው የቤንዚን ሽታ ከመጣ ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቷል ማለት ነውና፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ መሞከር ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። የቤንዚን ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 ከመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ የሚሆነው ጉልበቱ አይኖርም። መስከረም ላይ ረጅሙን ሣር ሲያጭድ መድከሙ የብልሽት ምልክት ላይሆን ስለሚችል፣ ስለቱን ከፍ አድርጎ በሁለት ዙር ማጨድ ማሽኑንም ሠራተኛውንም ያሳርፋል።

«ዘይት ዘይት ነው፤ በዛ ቢልም አይጎዳም።»

ሁለቱም ሐሳቦች ስሕተት ናቸው። ዘይት በውፍረቱ ደረጃ ይለያያል፤ ኤስኤኢ 30 የተባለው ደረጃ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃታማ ቦታ ጥሩ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ወፍሮ ሞተሩን ለመነሣት ያስቸግረዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድባቸው የደጋ ማለዳዎች በብርድ ያን ያህል የማይወፍረው 10ደብልዩ-30 የተሻለ ነው። መጠኑን ለማየት ማሽኑን ሜዳ ላይ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ የመለኪያ ዘንጉን ጠርጎ መልሶ ማስገባትና ከላይኛው ምልክት አለማለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ያጨሳል፣ የአየር ማጣሪያውንም ያበላሻል።

«በዚህ ብርድ ቤንዚን በቀላሉ እሳት አይዝም።»

ይህ አመለካከት ሰው ሊያቃጥል የሚችል ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ስለሚያወጣ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ትነቱ ከአየር የከበደ በመሆኑ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ብሎ ያለ ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ነዳጅ የሚሞላው ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የነዳጅ ጋኑም እስከ አፉ መሞላት የለበትም። ጀሪካኑን መኪና ላይ እንዳለ መሙላትም አደገኛ ነው፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግን ብልጭታ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ክምችት ወደ መሬት ይወርዳል።

«የመጋዘኑ በር ከተከፈተ ሞተሩን ውስጥ ማሟሟቅ ችግር የለውም።»

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን ሊከማችና ሊገድል ይችላል። ማሽኑን ገፍቶ አውጥቶ ደጅ ማስነሣት ብቻ ነው መፍትሔው።

«የወንበሩ መቆጣጠሪያ ሥራ ስለሚያደናቅፍ ገመዱን ማገናኘት ይሻላል።»

ሠራተኛው ከወንበሩ ሲነሣ ሞተሩን የሚያጠፋው ይህ መቆጣጠሪያ የተሠራው፣ ሰው ሲወድቅ ወይም ሲዘል ስለቱ እየዞረ እንዳይቀጥል ነው። በገመድ አልፎ ማሠራትን የሚፈቅድ ኃላፊ የሠራተኛውን እግር በሥራ ፍጥነት እየለወጠ መሆኑን ማወቅ አለበት። የሞቶሪኖውን ብሎኖች በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሣትም የዚሁ ዓይነት ጥፋት ነው፤ ማሽኑ ማርሽ ውስጥ ካለ ከፊቱ የቆመውን ሰው ሊዳምጥ ይችላል።

«ባትሪ ካለቀ ከየትኛውም መኪና ማስተላለፍ ይቻላል።»

የማጨጃው ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን ብዙ የጭነት መኪኖች ግን በ24 ቮልት ይሠራሉ። ከ12 ቮልት ባትሪ ሲተላለፍ መጀመሪያ ቀዩ ገመድ ከሁለቱ ባትሪዎች ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ጥቁሩ ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል። የጥቁሩ ሌላ ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ መታሰር አለበት፤ ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና።

«ሣር ማጨጃ ስለሆነ ሣር ውስጥ ያለውን ሁሉ ያልፈዋል።»

ስለት የመታው ድንጋይ ወይም የአጥር ሽቦ እንደ ጥይት ይወረወራል። ድንጋይ በበዛበት ደጋ ግቢውን በእግር ዞሮ መልቀም፣ ልጆችንና ከብትን ማራቅ ከማስነሣት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ከ15 ዲግሪ በላይ የሚያዘቀዝቅ ቦታ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ እንደሚበዛው ያለ፣ ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ከዚያ ያነሰውም ቢሆን ደረቅ ሲሆን ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ አግድም አይታጨድም። ሣር ተሰግስጎ ስለቱን ማጽዳት ሲያስፈልግ ሞተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፦ ስለቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መጠበቅ፣ ቁልፉን አውጥቶ ኪስ መክተት፣ የካንዴላውን ገመድ መንቀልና ወፍራም ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነም የሁለቱም ካንዴላዎች ገመድ ይነቀላል።