በኪሮሽ የሚሠሩ ትንንሽ ወፎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኪሮሽ ተሠርተው በፋይበር የሚሞሉ ትንንሽ አሻንጉሊቶች፣ ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሏቸው፣ ከውጭ ሲታዩ የጀማሪ ሥራ ይመስላሉ። በተለይ ወፍ። ነገር ግን ወርዷ 5 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ አካል ላይ አንድ የላላ ጥልፍ መደበቂያ የለውም። ከዚህ በታች ለምሳሌነት የያዝነው አንዲት ድንቢጥ ናት፦ 50 ግራሙ ከ110 እስከ 125 ሜትር የሚሆን መካከለኛ ክር፣ 2.5 ሚሊሜትር የኪሮሽ መርፌ፣ ራሷና ሰውነቷ በአንድ ወጥ የሚሠራ።

«በክሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የመርፌ ቁጥር መከተል ነው»

ወረቀቱ 4 ሚሊሜትር የሚለው ለሹራብና ለአንገት ልብስ ነው፤ እነሱ ላላ ብለው ሰውነት ላይ መውረድ አለባቸው። አሻንጉሊት ግን ፋይበሩን አፍኖ የሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተጻፈው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ ይባላል። አራት አምስት ዙር ሠርታችሁ ጣታችሁን ከውስጥ አስገብታችሁ ግፉት። ቆዳችሁ በቀዳዳው ከታየ መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር ቀንሱ። መርፌው በግድ የሚገባና አንጓችሁን የሚያሳምም ከሆነ ደግሞ በግማሽ ጨምሩ።

«መቁጠር አያስፈልግም፣ በዓይን ይታወቃል»

አይታወቅም። ቁጥሩ ይህ ነው፦ ክሩ ሲሳብ በሚጠብ ቀለበት ውስጥ 6 ነጠላ ጥልፍ (መሠረታዊው አጭር የኪሮሽ ጥልፍ)፣ ቀጥሎ በየዙሩ ስድስት እየተጨመረ 12፣ 18፣ 24፣ 30። ከዚያ ሳይጨመር ስድስት ዙር። ከዚያ መቀነስ፦ 24፣ 18፣ 12፣ 6። በአራተኛው ዙር አንድ ጭማሪ ከተዘለለ 24 የነበረው 23 ይሆናል፤ ስህተቱ እዚያው አይታይም፤ ሆዷ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድልና ቅነሳው እኩል አልከፈል ሲል ነው የሚታወቀው። ያን ጊዜ ከመፍታት ሌላ መላ የለም።

ብዙዎች እያንዳንዱን ዙር በመዝጊያ ጥልፍ ይዘጋሉ። አያስፈልግም፤ እንዲያውም በሰውነቷ ላይ ሰያፍ ስፌት የሚመስል መስመር ይተዋል። ሳይዘጉ እየዞሩ መቀጠል ነው። የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋ ግን ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር አስገቡና በየዙሩ ወደ ላይ አውጡት።

«ውስጡና ውጩ ያው ነው»

በሥራው ውጫዊ ገጽ ላይ የሚታየው የ«ቪ» ቅርጽ ነው፤ በውስጠኛው ላይ አግድም ሰረዝ። መርፌው ሁልጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሥራው በራሱ ወደ ኋላ የሚጠቀለል ከሆነ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ገልብጡት።

«ሲቀነስ ቀዳዳ መታየቱ ግድ ነው»

የእያንዳንዱ ጥልፍ አናት ሁለት ክር አለው፤ ወደ እናንተ ያለውና ከኋላ ያለው። ለመቀነስ የሁለቱን ተከታታይ ጥልፎች የፊት ክር ብቻ መርፌው ላይ ያዙ፣ ክሩን ስባችሁ በሁለቱ ውስጥ አሳልፉ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ነጠላ ጥልፍ ጨርሱ። እብጠትም ቀዳዳም አይኖርም።

«ነጩ ደረት ሁልጊዜ ይጣመማል፣ ምንም አይደረግለትም»

የድንቢጥ ውበቷ ያለው ቡናማው ክንፍና ጀርባ ከፈዛዛው ደረት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ መታገስ ያዋጣል። ከ30ው ጥልፍ 10ሩ ፈዛዛ፣ 20ው ቡናማ ይሁን። ሲሠራ ግን ደረቱ ዙር በዙር ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም በቀኝ እጅ የሚሠራ ነጠላ ጥልፍ በትክክል ከታችኛው አናት ላይ አይቀመጥም፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያፈነግጣል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በየሁለት ዙሩ ፈዛዛውን ቀለም አንድ ጥልፍ ዘግይቶ መጀመር። ሁለተኛውና የተሻለው፣ መርፌው ጥልፉ ውስጥ ከገባ በኋላ ክሩን መርፌው ላይ ከመጠምጠም ይልቅ መርፌውን በክሩ በላይ አሳልፎ መሳብ ነው። ጥልፉ የመስቀል መልክ ይይዛል፣ ጠበቅ ይላል፣ ማዘንበሉም በጣም ይቀንሳል።

ቀለም የሚለወጠው አዲሱ ጥልፍ ሲጀመር አይደለም፤ የቀድሞው ሊያልቅ ሁለት ቀለበት መርፌው ላይ ሲቀር ነው። ያንን የመጨረሻ ስበት በአዲሱ ክር ካላደረጋችሁት ድንበሩ ላይ የአሮጌው ቀለም ነጠብጣብ ይቀራል።

«የትኛውም ጥጥ ይሞላል»

የሕክምና ጥጥ ይቋጠራል፣ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ሩዝና ምስር ነቀዝ ይጠራል። የፖሊስተር ፋይበር ሲጨመቅ ተመልሶ ይነሣል፤ በጣት አፍታትታችሁ ጨምሩት። አብዛኛው የሚገባው አፉ 12 ጥልፍ ከመድረሱ በፊት ነው። ተጭኖ ሲለቀቅ ከተመለሰ፣ ጥልፎቹም ካልተከፈቱ በቂ ነው።

«ሴፍቲ አይ ስለሚባል ለሕፃን አያሰጋም»

ይህ ከሁሉም የሚያሳስበው ስህተት ነው። ከጀርባ ቀለበት የሚቆለፍበት የፕላስቲክ ዓይን በጨርቅ ላይ ጠንካራ ነው፤ የኪሮሽ ሥራ ግን ይለጠጣል፣ ሕፃን ሲያኝከውና ሲጎትተው ከነቀለበቱ በጥልፎቹ መካከል ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ፣ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የመፈተሻ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቁራጭ አይፈቀድም። እኛ የምንጠቀምበት 6 ሚሊሜትር ዓይን ሊነቀል ከቻለ የት እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። ቁልፍና ዶቃ ደግሞ ይብሳሉ። ለትንንሽ ልጆች ዓይኑን በጥቁር ክር ስፉት። ለትልልቆች የፕላስቲኩ ይሆናል፤ በ6ኛውና በ7ኛው ዙር መካከል፣ 8 ጥልፍ ተራርቆ። ቀለበቱ አንዴ ከተቆለፈ ከዓይኑ ላይ መልሶ አይወጣምና ቦታውን መጀመሪያ በስፒል ለኩ።

«ለመቆም የሽቦ እግር ያስፈልጋታል»

ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበርና ጫፉ ይወጋል። የመጀመሪያውን የቅነሳ ዙር በኋላው ክር ብቻ ከሠራችሁት ዙሪያውን ጠርዝ ይወጣል፣ ታቹም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከፕላስቲክ ክዳን የተቆረጠ ክብ ውስጡ ቢገባ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

«ክንፍና መንቆር በሙጫ ይለጠፋል»

ሙጫ ይደርቃል፣ ሲታጠብ ይላቀቃል። ክንፉ 18 ጥልፍ የደረሰ ክብ ሆኖ ለሁለት የታጠፈ ነው፤ አይሞላም። 20 ሴንቲሜትር ያህል ክር አስተርፉ፣ በስፒል አስይዛችሁ ከፊትም ከጎንም እዩት፣ ከዚያ ስፉት። ስፒሎቹን ስታስገቡም ስታወጡም ቁጠሩ።

«በማሽን ስለሚሠራ ርካሽ ነው»

እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ ማሽን ገበያ ላይ የለም። ኪሮሽ የሚመስለው የማሽን ሥራ በሹራብ ስልት የተሠራ ነው። ገበያ ላይ በትንሽ ገንዘብ የምትሸጠዋን የኪሮሽ ወፍም የሠራት የሰው እጅ ነው። ድንቢጧ የምትወስደው ክር ከ10 እስከ 15 ግራም ነው፤ ከአንድ 50 ግራም ጥቅል ከሦስት እስከ አምስት ይወጣል። ለለመደ እጅ እንኳ ስፌቱን ጨምሮ ሁለት ሦስት ሰዓት ትፈጃለች። ዋጋ ስትተምኑ ከክሩ በፊት ሰዓቱን አስሉ።