ከስትሮክ በኋላ ሆድ ሲያስቸግር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ስለ እጅና እግር መዛል የማይጠይቀኝ የለም። ስለ ሰገራ የሚያነሳልኝ ግን ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም ሊሸኘኝ ወጥቶ፣ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተቅማጥ ይዞታል፤ ማስቆሚያ እንስጠው»

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ለቀናት ሳይወጣ የቆየ ሰገራ መውጫው ላይ ሲደድር፣ ከበላዩ ያለው ቀጭን ፈሳሽ በጎንና በጎኑ እየሾለከ ልብስ ያበላሻል። ተቅማጥ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ድርቀት ነው። ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት ልጅ እናቷን በቀን አራት ጊዜ ታጥባለች፤ ሆድ እንዲይዝላቸው ብላ ከሩዝ በቀር አታበላቸውም። ስጠይቃት ግን እናትየዋ እንደ ወትሯቸው ከተጸዳዱ ስምንት ቀን አልፏቸዋል። በድርቀት ላይ ፈሳሽ ከመጣ፣ ማስቆሚያ ክኒን ከመግዛት በፊት ባለሙያ ሆዱን ይመርምር።

«አንጎሉ ስለተጎዳ አያውቀውም፤ ዳይፐር ይበቃዋል»

በእርግጥ ስሜቱ የሚጠፋበት ሰው አለ። ብዙው ግን ያውቀዋል፤ ያቃተው መናገር ወይም በጊዜ መድረስ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩት አጎቴ አንደበታቸው ሲያዝ በደኅናው እጃቸው ሽርጣቸውን ይጎትቱ ነበር። ሞቋቸው ነው ብለን እናራግብላቸዋለን። ሽርጡን በጎተቱ ቁጥር ትንሽ ቆይቶ አንሶላው እንደሚበላሽ ያስተዋለችው አክስቴ ናት። አናጺ መቀመጫው የተከፈተ ወንበር ሠራላቸው፤ ከሥሩ ፖፖ ይደረጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆጣጠር ካቃታቸው መካከል ብዙዎቹ እየቆዩ ይሻላቸዋል። አንጀትም ይለምዳል። ምግብ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃቃልና፣ ከቁርስ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መጸዳጃው ላይ ያስቀምጧቸው። እግራቸው በርጩማ ላይ ይረፍ፤ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ የዛለው ጎናቸው ይደገፍ። መጋረጃው ይዘጋ። ጎረቤት ለጥየቃ ተሰብስቦ እያየው ማን ይጸዳዳል?

«ውሃ ከቀነስንለት ልብሱን አያበላሽም»

በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ጭካኔ ነው፤ ሰገራውንም ያደርቀዋል። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ካልከለከለ በቀር በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ግን አያስገድዱት፤ መዋጡ ይመርመርለት፣ ምናልባት ወፈር ያለ መጠጥ ይታዘዝለታል። በደንብ የበሰለ ፓፓያ ተፈጭቶ ጥሩ ነው።

«ትንሽ ጫት ያነቃቃዋል»

ጫት ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሆድ ያደርቃል። ጫቱ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስትሮክ ለመታው ሰው ይቅርበት።

«ሰናመኪ ቅጠል ስለሆነ ጉዳት የለውም»

ሰናመኪ በእርግጥ ያስቀምጣል። ችግሩ፣ በቤት ሲፈላ መጠኑ አይታወቅም፤ ከበዛ ቁርጠት ያስነሳል፣ የሰውነትን ውሃና ፖታሲየም ያሟጥጣል። ሰናመኪ ከመስጠትዎ በፊት በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለሐኪም ያሳዩ፤ አሚትሪፕቲሊን (ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት) እና የብረት ክኒን ራሳቸው ያደርቃሉ። በራስዎ ግን አያቋርጧቸው።

ሆድ ተነፍቶ ማስመለስ ከመጣ፣ ፈስ ጭራሽ ካልወጣ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ።